የውሸት ጠመንጃ፣ የእውነት ዋጋ

ደራ ስል የትኛው ደራ እንደሆነ ላስቀድም። ደቡብ ጎንደርም ደራ አለ፣ ሰሜን ሸዋም ደራ አለ። የምጽፈው ከአዳማ ተነስቶ፣ አዋሽ መልካሳን አልፎ ወደ አሰላ በሚወጣው አስፋልት ዳር ስላለችው የአርሲዋ ደራ ነው። በዚህች ከተማ፣ እንደ ብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ሁሉ፣ የካቲት ሲገባ አናጺ ቤቶች ውስጥ አዲስ ምርት ብቅ ይላል። ከአልጋው፣ ከቁም ሳጥኑና ከበሩ መሐል ጠመንጃ ይደረደራል። የእንጨት ጠመንጃ ነው፤ ለዓድዋ በዓል የሚሰለፉ ተማሪዎች የሚያነግቡት።

ነገሩ በራሱ ደስ ይላል። ልጅ ታሪኩን በመጽሐፍ ከሚያነብ ይልቅ ለብሶት፣ ይዞት፣ ዘፍኖበት ቢያድግ ይሻለዋል። ቅሬታዬ ከጠመንጃው ጋር ነው። ልጆቹ ነጭ ለብሰው፣ ከወረቀት የተሠራ ጎፈር አጥልቀው፣ ትንሹ ምኒልክና ትንሿ ጣይቱ ከፊት ከፊት እየመሩ ሲያልፉ ትከሻቸው ላይ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ክላሽ ነው። ካዝናው እንደ ሙዝ የጎበጠ፣ እጀታው ወደ ታች የወጣ፣ ጥርት ያለ ክላሽ! የ1888 ዓ.ም. ዘማች ክላሽ ታጥቆ ዓድዋ ወርዷል ማለት ነው። ክላሽንኮቭ የተባለው መሣሪያ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ከዓድዋ 51 ዓመት በኋላ። መሐንዲሱ ሚኻይል ክላሽንኮቭ ራሱ የተወለደው በ1919 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ከ23 ዓመት በኋላ። ጠመንጃውም ሠሪውም በሌሉበት ዘመን ጠመንጃው ተተኩሷል።

ይህን ሳነሳ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። አስተማሪውም፣ የባህል ቡድን መሪውም፣ የቴአትር አዘጋጁም በአንድ አፍ «በጀት የለም» ይሉኛል። ትክክለኛውን ማሠራት ውድ ነው፣ ስለዚህ የተገኘውን ነው የምንይዘው ነው ነገሩ። እኔም ለረጅም ጊዜ ክርክሩን ሰምቼ ከማለፍ ይልቅ አንድ ቀን ሒሳቡን ልይ ብዬ ከአናጺው ዘንድ ሄድኩ።

ሰውየው ወጣት ነው፤ እጁ ጎበዝ ነው። ሦስት ዓይነት ጠመንጃ እንደሚሠራ ነገረኝ። አንደኛው ከጣውላ ላይ በመጋዝ ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቀለም የሚቀባው ነው፤ ትምህርት ቤቶች የሚወስዱት ይኼን ነው። ሁለተኛው ሰደፉ ተጠርቦ፣ አፈሙዙ ከውኃ ቱቦ የሚሠራለት ነው። ሦስተኛው ቃታው፣ መቆለፊያው፣ ማንገቻው ሳይቀር የሚሟላለት ሲሆን የብረት ሥራው አዳማ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይመጣል። ሦስተኛው ከአንደኛው ጋር ሲተያይ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ የሚያስወድደውም እንጨቱ ሳይሆን የቶርኖው ሰዓት ነው።

«እሺ፣ ርካሹን ለምን ክላሽ ታደርገዋለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ የሚያመጡልኝ ፎቶ እሱ ነው» አለኝ። «ደግሞ ካዝና ካላወጣሁለት ልጆቹ ጠመንጃ ነው አይሉም። ዱላ ነው ይላሉ።»

«ካዝናውን ማውጣት ከባድ ነው?»

ሳቀ። «ጣውላ የሚያባክነውስ እሱ አይደል እንዴ! ለካዝናውና ለእጀታው ስል ሰፊ ጣውላ እገዛለሁ፣ ግማሹን እጥላለሁ። መጋዙም እየዞረ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም።»

ሒሳቡ እዚህ ላይ ተገለበጠብኝ። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠመንጃ ነው። ካዝና የለውም። ወደ ታች የወጣ እጀታ የለውም። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ቀጥ ያለ ብረት የተጋደመበት ነው። ይህን ከጣውላ ላይ ለመቁረጥ ጠባብ ጣውላ ይበቃል፤ መጋዙም ብዙ አይዞርም። ለልጅ ቁመት እንዲመች ማሳጠር ደግሞ ማንንም አይገድም። ስለዚህ ትክክለኛው ጠመንጃ ከስሕተተኛው ጠመንጃ ይረክሳል! «በጀት የለም» ብለን የምናስወጣው ገንዘብ ለስሕተቱ የምንከፍለው ነው። የጎደለው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ ከክላሹ ፎቶ ይልቅ የውጅግራን ፎቶ ለአናጺው የሚሰጥ አንድ ሰው።

«ታዲያ ሁሉም ውጅግራ ይሁን ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የምኒልክ ሠራዊት መሣሪያ ልዩ ልዩ ነበር። ከእንግሊዝ የመጣው ስናድር ነበረ፤ ከአሜሪካ ስም የያዘው ሬሚንግተን ነበረ፤ ከጣሊያን የተማረከውም በገንዘብ የተገዛውም ነበረ። ስለ ዋጋ ካነሳን አይቀር፣ ጠመንጃ ሲገዛ ዋጋና ጥራት እንዴት እንደሚመዛዘን ምኒልክ ራሳቸው አሳይተውናል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ። ያመጣው ዘመኑ ያለፈበት፣ በአውሮፓ የተጣለ ዓይነት ነበር። ምኒልክ ገና ሐረርን መያዛቸው ነው፤ የተሻለ መሣሪያ አይተዋል። ዋጋውን ሰበሩበት፣ በሞተው ሸሪኩ ዕዳ አሳበው ደግሞ ቆረጡበት፤ ሰውየው እያማረረ ተመለሰ። ንጉሡ የሚገዙት ነገር ምን እንደሆነ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያወጣ ያውቁ ነበር። የእሳቸውን ድል የምናከብር ሰዎች ውጅግራን ከክላሽ መለየት ሲያቅተን ምን ይባላል?

የጥንት ጠመንጃን አስመስሎ መሥራት በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ንግድ ነው። የሚገርመው ደግሞ የዚህ ንግድ ዋና መንደር ያለው ጣሊያን ውስጥ መሆኑ ነው። ብሬሻ አጠገብ፣ ቫል ትሮምፒያ በሚባል ሸለቆ ውስጥ፣ ጋርዶኔ የሚባል ከተማ አለ፤ ቤሬታ ከ1526 ጀምሮ ጠመንጃ የሚሠራበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነታቸውን መቶኛ ዓመት ለማክበር ሲዘጋጁ የአያቶቻቸውን መሣሪያ ፈለጉ። ዋናው ውድ ነው፣ አርጅቷል፣ ሊተኮስበት ያስፈራል። እንደ ፔደርሶሊና ኡበርቲ ያሉ የጋርዶኔ ድርጅቶች ያን ጊዜ ተቋቋሙና ቅጂውን ያመርቱ ጀመር። በሲኒማ ቤቶቻችን ስናያቸው ያደግንባቸው ጣሊያን ሠራሽ የካውቦይ ፊልሞች ላይ ከነክሊንት ኢስትውድ ወገብ የሚመዘዘው ኮልት ብዙውን ጊዜ የዚህ ሸለቆ ቅጂ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ዋጋና እውነትን የሚያስታርቁበት መንገድ ትምህርት አለው። ብረቱ የጥንቱ ብረት አይደለም፤ የዘመኑ አረብ ብረት ነው፣ ይበልጥ ይጠነክራል። ድሮ ተቀጥቅጦና ተሞርዶ ይወጣ የነበረው ብዙው ክፍል አሁን በሰም ቅርጽ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ይህ የሠራተኛውን ሰዓት ይቀንሳል። ብሎኑ በሚሊ ሜትር ነው። የፍተሻው ማህተም የዛሬ ነው፤ ሕግ ስለሚያስገድድ ሊደበቅ አይችልም። ግን ቁመቱን፣ የሰደፉን ቅርጽ፣ ሚዛኑንና መልኩን በዋዛ አይለቁትም። ባጭሩ፣ ዓይን በማያየው ላይ ይቆጥባሉ፣ ዓይን በሚያየው ላይ ይከፍላሉ። ከእነሱ ዋጋው ዝቅ ያለውን የሚፈልግ ደግሞ ሕንድ የሚሠራውን ይገዛል፤ ያኛው ብዙውን ጊዜ የእሳት ቀዳዳው ሳይበሳ፣ እንዳይተኩስ ሆኖ ይላካል። የአሮጌ ጦርነት ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች «ርካሹ ይበቃል» እና «ርካሹ ያሳፍራል» በሚል ሲከራከሩ ይኖራሉ። ክርክሩ ግን የሚጀምረው ሁሉም የዘመኑን መሣሪያ ለይቶ ካወቀ በኋላ ነው። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም።

ለእኛ የሚሆን መለኪያ ልጠቁም። ቅጂው ከስንት ርቀት ነው የሚታየው? ሰልፍ ከሃያ ሜትር ይታያል፤ ለሰልፍ ቁመቱና ቅርጹ ትክክል ይሁን እንጂ ጣውላው ይበቃል፤ ቃታው ቀለም ቢሆን ማንም አያውቅም። መድረክ ከአምስት ሜትር ይታያል፤ የተጠረበ ሰደፍና የቱቦ አፈሙዝ ይፈልጋል። ካሜራ ግን ከክንድ በታች ቀርቦ ያያል፤ ለፊልም ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ጠመንጃ በደንብ ማሠራትና ከበስተኋላ ላሉት የጣውላውን መስጠት ነው። ለሁሉም ውዱን ማሠራትም ብክነት ነው፤ ለሁሉም ርካሹን ማሠራትም ውርደት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ክብደት ነው። አዳማ ውስጥ ባየሁት አንድ ድራማ ላይ ጠመንጃው ከሩቅ ጥሩ ይመስል ነበር። ባለቤቱ ግን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ እንደ ዝንብ ጭራ ያወዛውዘዋል። ፉከራው ሁሉ ጠፋብኝ። ውጅግራ ከአራት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያን ይዞ ከሸዋ ትግራይ በእግሩ የሄደ ሰው ትከሻው ይናገራል፤ ሲያወርደው ቀስ ይላል፣ ሲያነሳው ይተነፍሳል። ከዚያ ልብስ፣ ከዚያ ሁሉ ሜካፕ ይልቅ እውነቱን የሚያሳየው ያ ነው። መፍትሔውም ርካሽ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ተቦርቡሮ ቁራጭ ፌሮ መክተት። ማንም አያየውም፣ ተዋናዩ ግን ይሰማዋል።

እዚህ ላይ ለሌላው ወገን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። «ዋናውን ካልመሰለ ዋጋ የለውም» የሚሉ፣ ቅጂው ቢተኩስም ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ከሥነ ጥበብ ያለፈ ነገር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለበት አገር ነው፤ የሚተኩስ ነገር መሥራት የአናጺ ጉዳይ አይደለም። ባይተኩስም እንኳ፣ ሲመሽ መንገድ ላይ ያን የሚመስል ነገር ይዞ ኬላ የሚደርስ ወጣት ምን እንደሚያጋጥመው ለማሰብ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። ኬላ ላይ ያለው ሰው ከአምስት ሜትር አይመረምርም፤ ከሃምሳ ሜትር ይወስናል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ሕግ የብረት ሽጉጥ ቅጂዎች አፈሙዛቸው የተደፈነና ቀለማቸው ነጭ ወይም ቢጫ እንዲሆን አዛለች። አሜሪካ ከ1989 ጀምሮ የመጫወቻ ጠመንጃ አፈሙዝ ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ታስገድዳለች። እኛም ብንሆን አፈሙዙን ከቱቦ ፈንታ ድፍን ዘንግ ማድረግ፣ ከበዓሉ ሜዳ ውጭ በጨርቅ ጠቅልሎ በመኪና ማጓጓዝ፣ የቡድኑን ደብዳቤ አብሮ መያዝ የሚያቅተን አይመስለኝም። እንዲህ ሲታይ እንጨት ክብር አለው። እንጨት ማንንም አይገድልም፣ ማንንም አያስገድልም።

ቅጂ መሆን በራሱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የሚጎበኘው ሰው የሚያየው የድንቅነሽ አጽም ቅጂ ነው፤ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው ሴባስቶፖል መድፍም ቅጂ ነው። ዋናውን እ.ኤ.አ. በ1867 ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎችና የአገሩ ሰው አቅልጠው ሠሩት፤ ሰው ጎትቶ መቅደላ አደረሰው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ቅጂውን ያየ ሰው መቅደላን ሊመኝ ይችላል። ጥሩ ቅጂ ወደ ዋናው የሚመራ ነው።

ግን ዋናው እጃችን ላይ ካለ ነው። በ2010ዎቹ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ቆይተዋል፤ የጣሊያኖቹ ቬተርሊና ካርካኖ፣ የቤልጅጉ ማውዘር፣ ውጅግራውም ጭምር። ገዢው ሰደፉ ላይ ያለውን ጭረትና የአገር ቤት ጥገና ሳይቀር እንደ ጌጥ ያየዋል፤ ከኢትዮጵያ የመጣ መሆኑ ራሱ መሸጫው ነው። መንግሥት አሮጌ መሣሪያ ለምን ሸጠ አልልም፤ የማይሠራ ብረት መጋዘን ሞልቶ መኖር የለበትም። ግን ከየዓይነቱ አንድ አንድ፣ መተኮሻው ተደፍኖ፣ ለየክልሉ ሙዚየም ወይም ለየዩኒቨርሲቲው ቢቀመጥ ኖሮ የደራው አናጺ መጥቶ በሜትር ይለካው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? ዋናውን በዶላር ሸጠን፣ ቅጂውን በስሕተት እንሠራለን።

የመጨረሻው ጉዳይ ለደራ ሰው ከሌላው የበለጠ ቅርብ ነው። ይህ መሬት አርሲ ነው። የአርሲ ኦሮሞ በጦርና በጋሻ ለዓመታት ከተዋጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 አዙሌ ላይ የተሸነፈው በራስ ዳርጌ ጦር ጠመንጃ ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው መሣሪያ። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ሄጦሳ ውስጥ በ2006 ዓ.ም. የቆመው የአኖሌ ሐውልት የዚያን ጊዜ ሐዘን ይዟል። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የኦሮሞ ፈረሰኛ ዓድዋ ላይ ከሌላው ወንድሙ ጋር ወራሪውን አባረረ። አንዱ ውጅግራ አንድ ቤት ኩራት ነው፣ ሌላው ቤት ለቅሶ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሁለቱንም ነው። ክላሽ የያዘው ልጅ ይህን ሊጠይቅ አይችልም፤ ክላሽ የዚያን ዘመን ምንም አያስታውስም። ትክክለኛውን ቃዌ ትከሻው ላይ ያደረገ ልጅ ግን አያቱ ፊት ሲቆም «አባባ፣ ይኼ ነበር እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመጣው መልስ ከመማሪያ መጽሐፉ ሊለይ ይችላል። ይለይ። ትክክለኛ ቅጂ የሚጠቅመው እኮ የታሰበውን ብቻ ሳይሆን ያልታሰበውንም ጥያቄ ስለሚያመጣ ነው።

ሌላም አለ። ዓድዋ የዘመተው ሁሉ ጠመንጃ አልነበረውም። ብዙ ሺህ ሰው ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴም ይዞ ነው የተዋጋው፤ ፈረሰኛው በተለይ። ሰልፋችን ላይ ግን ሁሉም ልጅ ባለጠመንጃ ነው። ግማሾቹ ልጆች ኤቦና ጋቸና ቢይዙ ወጪው ይቀንሳል፣ እውነቱ ይጨምራል፤ የአርሲ አያትም በሰልፉ ውስጥ ራሱን ያያል። ጦር ለመሥራት ዘንግና ብርማ ቀለም እንጂ ቶርኖ አያስፈልግም።

እንግዲህ ለመጪው የካቲት ለትምህርት ቤቶችም ለቡድኖችም የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። ለአናጺው ከብሩ በፊት ፎቶግራፉን ስጡት። ገንዘብ ካላችሁ ጥቂቱን አሳምራችሁ አሠሩ፤ ከሌላችሁ ጣውላውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ ሰደፉ ላይ የጠመንጃውን ስም፣ የተሠራበትን ዘመን፣ የመጣበትን አገርና «ቅጂ» የሚለውን ቃል ጻፉበት። ለዚህ ለዚህ እንኳ በጀት የለም አይባልም፤ የሚጨርሰው ከተረፈው ቀለም ላይ ጥቂት ጠብታ ነው።